እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፦ የኮሮላዬ ራዲያተር ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም

ነጭ ኮሮላ (ደብረ ማርቆስ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ርዝመቱን ይቅር በሉኝ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 2004 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ ቤንዚን፣ ማርሿ የእጅ። ከመስከረም ወዲህ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል። ብዙ አይደለም፤ በአራት በአምስት ቀን አንድ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ትጠጣለች። ጠዋት እሞላና እሄዳለሁ። እንዲህ እያሳሳቀ ሲወስደኝ ቆይቶ፣ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ስመለስ ዓባይ በረሃ ላይ ጉዱ ፈላ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል እስከ ድልድዩ ደኅና ነበርኩ። የደጀንን ዳገት ስጀምር ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ከፊቴ ገባ፤ አራት ሰው ተሳፍሮ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰባት ሰዓት ፀሐይ ተጎተትኩ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቀዩ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ፣ እስካሁን የሚገርመኝ ይህ ነው፣ በድንገት ወደ ታች ወረደ። ተሻላት ብዬ እፎይ ስል በኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ወጣ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። የመንገድ ዳር ልጆች ውሃ በጀሪካን አምጥተውልኝ ሞልቼ ደጀን ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ማርቆስ ድረስ ምንም አላለችም።

ሰኞ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተና ከሥሩ የተለጠፈ እርጎ የመሰለ ነገር አሳየኝ። ጠዋት ስትነሣ ነጭ ጭስ እንደምታወጣም ነገርኩት። «በቃ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ሞተሩ ይከፈት» አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮኑ በሱና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ማሸጊያ። የጠየቀኝ ገንዘብ የሁለት ወር ደመወዜ ነው። ከመበደሬ በፊት ልጠይቃችሁ አልኩ። መኪናዋ የምታድርበት ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ አየዋለሁ፤ ደረቅ ነው። ውሃው የት ነው የሚገባው?

ቀልጣፋው
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡31

ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን በር) አስወጣና ተገላገል። እኔ ካስወጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ መርፌው ከሩብ አልፎ አያውቅም።

ማኒኮቶ (ባሕር ዳር)
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡45

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። እስካሁን ከነገርከን ውስጥ ሞተር የሚያስከፍት ማስረጃ አላየሁም። ሊሆን አይችልም አላልኩም፤ አልተረጋገጠም ነው የምልህ።

በእርጎው ልጀምር። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወሩም ኅዳር ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ያለው አየር እርጥበት ያዘለ ነው። መኪናው ሁለት ኪሎ ሜትር ተነድቶ፣ ዘይቱ ሳይግል የሚቆም ከሆነ ያ እርጥበት አይተንም፤ ቀዝቃዛው የክዳን ሆድ ላይ ከዘይት ጋር ተመትቶ እርጎ ይሆናል። ጤነኛ ሞተርም እንዲህ ያደርጋል። ወደ ቴስታታ የሚያመለክተው እርጎው በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ሲገኝ፣ የዘይቱም ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ሲል ነው። ዘንጉን በነጭ ወረቀት ጥረግና ምን እንደሚመስል ንገረን።

የጠዋቱ ነጭ ጭስም እንደዚያው። በብርድ የሚነሣ የቤንዚን መኪና ሁሉ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያደረውን ውሃ በእንፋሎት ያወጣል። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ከጠፋ ተወው። ግሎም የሚቀጥል፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

የመርፌው መውረድ ግን ትልቅ ነገር ነግሮሃል፤ አልሰማኸውም እንጂ። የሙቀት ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቀመጥ ነው በትክክል የሚለካው። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ሲቀር ልኩን መናገር ይተዋል፤ መርፌው ይወርዳል። በዳገት ላይ ሙቀት ጨምሮ በድንገት የወረደ መርፌ ካየህ፣ ያን ጊዜውኑ ጥግ ይዘህ ሞተር አጥፋ።

ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን እንደበረደ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። እደግመዋለሁ፣ እንደበረደ። የጋለ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱን ያቃጠለ ረዳት ነበረኝ። እስከ አፉ ሙላና ክዳኑን ሳትመልስ ሞተሩን አስነሣ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አየር ይወጣል፤ ያ ምንም አይደለም። ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ ግን ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ጋዝ ሳያቋርጥ እንደ ለስላሳ መጠጥ ይንጣጣል፣ ነዳጅ ስትሰጥም ውሃው ተገፍቶ ይፈሳል። ይህን ስትጨርስ ዝጋና ሌላ ቀን ጠዋት ደግሞ ክዳኑ ተዘግቶ እያለ አስነሣ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የላይኛውን ወፍራም ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቧንቧ) በእጅህ ጨምቀው። ገና ቀዝቃዛ ሆኖ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ግፊቱ ከሙቀት አልመጣም፣ ከሲሊንደር ነው የመጣው።

ቀልጣፋው፣ አንተን አልረሳሁህም። ቴርሞስታት ማውጣት የሀገራችን በሽታ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ተመልሶ ሞተር ይገባል። በሜዳ ላይ አይታወቅህም። በደጀን ዳገት ይታወቅሃል። መርፌው ሩብ ላይ መቆሙም ጤና አይደለም፤ ሞተርህ አራት ዓመት ሙሉ ሳይግል ነው የኖረው፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይትህ ውስጥም እርጎ ይሠራል።

ጋሼ መሪ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡20

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ገባህ። እኔ በዚያ በረሃ መጀመሪያ የወረድኩት በረዳትነት ነው፤ በአሮጌው ድልድይ ስንሻገር። አዲሱ ድልድይ የመጣው ስንት ጎማ ከበላን በኋላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ወዲያው ደግሞ እስከ ደጀን መልሶ መውጣት ነው። ደጋ አድሮ ጋቢ ለብሶ የተነሣ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆላ ገብቶ፣ ከዚያ በሙሉ ጉልበቱ ዳገት ይጎትታል። በማርቆስ ከተማ ውስጥ ዓመት ሙሉ የተደበቀ ሕመም እዚያ ይወጣል።

የፈላ መኪና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ። ልጆቹ ውሃ ቢያመጡም አንድ ሰዓት መጠበቅህ ሞተርህን ሳያድንልህ አልቀረም። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ግሎ ሳለ ሲረጩት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። መርፌው ከመሐል ማለፍ ሲጀምር፣ ገና ውሃ ሳለ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፋ፣ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት፤ እግርህ ይቃጠላል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። መስኮት ክፈትና ታገሥ። ከተሳቢ ጀርባም ተጣብቀህ አትውጣ፤ የሱን ትኩስ ትንፋሽ ነው የምትምገው። ቆም በልና ይራቅህ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ስትሞላ ለመካኒኩ ነግረኸው ታውቃለህ?

ነጭ ኮሮላ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ አልነገርኩትም። እንደውም አንድ ሁለት ጊዜ የጨሞጋን ወንዝ ውሃ ሞልቻለሁ።

ማኒኮቶ፣ ከቤት መሥሪያ ቤት ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዘንጉን በወረቀት ጠረግሁት፤ ዘይቱ ጠቆር ያለ ንጹሕ ዘይት ነው፣ እርጎ የለውም፣ ልኩም ቦታው ላይ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አስነሣኋት፤ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አረፋ ወጣ፣ ከዚያ ጸጥ። ነዳጅ ስሰጥ ውሃው ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ አልፈሰሰም። ቴርሞስታቱ እስኪከፍት ድረስ ቆሜ አየሁ፤ መንጣጣት የለም። የማኒኮቶውን ነገር ነገ ጠዋት አየዋለሁ።

ዳንግላ ፊዚክስ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40

መካኒክ አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ፤ ግን ሁላችሁም የራዲያተሩን ክዳን እንደ ድስት ክዳን ዘላችሁታል። ክዳኑ ግፊት መያዣ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ማርቆስ ላይ 92 ገደማ ነው የሚፈላው። ሽሮ ስታበስሉ ጊዜ የሚወስድባችሁም ለዚህ ነው። የብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ82 እና በ92 መካከል ያለው ክፍተት ለዳገት አይበቃም።

ጥሩ ክዳን ግን ውስጡን ያፍነዋል። በራሱ ላይ 1.1 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን ከውጭው አየር በላይ 1.1 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ግፊት እስኪደርስ አይተነፍስም፤ በዚያ ግፊት ማርቆስ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 117 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ኩላንት (ከውሃው ጋር የሚደባለቅ የራዲያተር ፈሳሽ) ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያን 25 ዲግሪ ያህል ይሰርቅሃል፤ ለቆላ ሰው ከሚያደርሰው ጉዳት ለደጋ ሰው የሚያደርሰው ይበልጣል። ውሃውም በመጠባበቂያው ጠርሙስ በኩል በእንፋሎት ስለሚወጣ መሬት ላይ ጠብታ አትፈልግ።

የእንቁላል ነጩ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

ይህን ሁሉ ከምትቆጥሩ የሁለት እንቁላል ነጭ ራዲያተር ውስጥ ጨምርበት። ሲግል ይረጋና ቀዳዳውን ይደፍናል። አጎቴ በዚህ ከቡሬ ነቀምቴ ሄዷል።

ጋሼ መሪ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

እኔም አድርጌዋለሁ፤ እንቁላሉንም እርዱንም። በረሃ ላይ ሌላ ነገር ስታጣ ቤትህ ያስገባሃል። ከዚያ በኋላ ግን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ሁሉ ይደፍንልሃል፣ ሽታውም ወር ይቆያል። አጎትህ ነቀምቴ ገብተው ራዲያተር መቀየር አለመቀየራቸውን ጠይቃቸው።

የቪትዝ ባለቤት (ፍኖተ ሰላም)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ወንድሜ፣ መሬቱ ደረቅ መሆኑ እኔንም አሞኝቶኝ ነበር። የእኔ ውሃ ወደ ውስጥ ነበር የሚፈሰው። ከጎኔ በሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ምንጣፉ ይርሳል፤ ጊዜው ክረምት ስለነበር በበር የገባ ዝናብ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የፊት መስታወቱ ደግሞ ማሞቂያ በከፈትኩ ቁጥር በጉም ይሸፈናል፤ በጨርቅ ስጠርገው ቅባት እንደነካው ይንሸራተታል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ትንሹ የማሞቂያ ራዲያተር ነበር የሚያፈስሰው። የዝናብ ውሃ ሽታ የለውም፣ በጣት ሲዳሰስም አይንሸራተትም። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ እንዲሁ ንጹሕ ነው፤ ማቀዝቀዣ ከፍተው ሲነዱ ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበውን አይተው የሚደነግጡ አሉ፤ እሱ ጤና ነው።

አደራ፣ በምላስ እንዳትቀምሱት። ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። የእኔን ያስተካከለው ሠራተኛ አሮጌውን ኩላንት በሳፋ አስቀምጦ ሄደ፤ የጎረቤት ውሻ ጠጥቶ በሁለተኛው ቀን ሞተ። እኛ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ጥጃና ዶሮ የምናውል ሰዎች ነን። ባለ ክዳን ጀሪካን ውስጥ አድርጉት።

ነጭ ኮሮላ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50

ማክሰኞ ጠዋት ማኒኮቶውን ጨመቅሁት፤ ሞተሩ እስኪግል ድረስ ልል ነበር። ከዚያ ክዳኑን ገልብጬ አየሁት፤ የሥር ጎማው ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍሬ ስነካው ፍርፋሪው ረገፈ። የዳንግላው መምህር ይመስገኑና በዚያው ቀን 1.1 የተጻፈበት አዲስ ገዛሁ። አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ግን እንደገና ጎድሏል። ከበፊቱ እንዲያውም ትንሽ ባሰ። ምንጣፎቹን ሁሉ ገልጬ ዳስሻለሁ፤ ደረቅ ናቸው። ወደ ጓርኒሲዮኑ ልመለስ ይሆን?

ማኒኮቶ (ባሕር ዳር)
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

አትመለስ። መባሱ ጥሩ ምልክት ነው። አሮጌው ክዳን ግፊት ስለማይዝ ውሃው በላይ ይተን ነበር፤ አዲሱ አፍኖ ሲይዘው ደካማው ቦታ ላይ መግፋት ጀመረ። አሁን ቀዳዳው ራሱን ያሳያል።

ግፊት መፈተሻ ፓምፕ ያለው ጋራዥ ካገኘህ ሥራው የሩብ ሰዓት ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ ይገጠማል፣ በእጅ እየተመታ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ይደርሳል፣ ይጠበቃል። የመፈተሻው መርፌ ከወረደ ውሃው አንድ ቦታ እየወጣ ነው፤ ሞተሩ ስላልተነሣ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) አይዞርም፣ እንፋሎት የለም፣ ተረጋግተህ ትፈልጋለህ። ካላገኘህ በዓይንህ ፈልግ፤ ስትፈልግ ግን እርጥበት አትፈልግ። የጋለ ሞተር ላይ እርጥበት አይቆይም። ኩላንት ሲደርቅ የሚተወውን ቅርፊት ነው የምትፈልገው፤ ነጣ ያለ፣ ወይም እንደ ቀለሙ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክና አሉሚኒየሙ የተቆለፉበትን ስፌት በባትሪ መብራት ሂድበት፤ ፕላስቲኩ ሲያረጅ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ይሰባበራል፣ ስንጥቁም ሲግል ብቻ ይከፈታል። የማኒኮቶዎቹ ማሰሪያ ፋሼታዎች ሥር ጎማው አብጦ እንደሆነ እይ።

አንድ ጥያቄ፦ ከሞተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ አለ? ብዙ ሰው አውልቆ ይጥለዋል። ካለ መልስህ እሱ ላይ ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ሳይደርስ እሱ ላይ ይተኛና በሞተሩ ሙቀት ይደርቃል።

ማተብ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እኔን የሚያበሳጨኝ ያ መካኒክ ነው። ሳይመረምር የሰውን ሞተር ሊያወርድ!

ማኒኮቶ (ባሕር ዳር)
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

አትፍረድበት። ባለቤቱ ዓባይ በረሃ ላይ የፈላ መኪና ይዞ መጣ፣ እርጎ አየ፣ ነጭ ጭስ ተነገረው፤ ሁለት ወር ውሃ መጉደሉ አልተነገረውም። «ጤነኛ ነው» ብሎ ልኮት እንደገና በረሃ ላይ ቢቀር ማን ይወቀሳል? እኔም በወጣትነቴ በዚሁ ምልክት አንድ ላንድክሩዘር ከፍቼ ጓርኒሲዮኑ እንደ አዲስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የዘጋሁት በራሴ ወጪ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ዘንጉን ሳላይ ክዳን የማላምነው።

ነጭ ኮሮላ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡35

ተገኘ!

መሸፈኛው አለ። መኪናዋን በሁለት ግንድ ላይ በደንብ አስደግፌ (ክሪክ ብቻውን እንዳላምን ጋሼ በውስጥ መስመር ስለመከሩኝ) ከሥር ገባሁ። ብሎኖቹን ፈትቼ ሳወርደው ጭቃ፣ የጤፍ እብቅና አንድ የጠፋብኝ ብሎን ወረደ። በቺንጋው በኩል ባለው ጥግ ግን ጭቃው ሌላ ነው፤ ሐምራዊ ዳርቻ ያለው፣ ቡና ፈስሶ የደረቀበት ጠረጴዛ ይመስላል። አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ፣ ሌላውም በሌላው ውስጥ። ሁለት ወር ሙሉ እየተንጠባጠበ እየደረቀ የጻፈው ነው።

ከዚያ ወደ ላይ ስከተለው የውሃ ፓምፑ ጋ ደረስኩ፤ ሆዱ ግን አይታየኝም። የልጄን ትንሽ የፊት መስታወት ለምኜ አስገባሁ፤ እሷ ከላይ የስልኬን መብራት ያዘችልኝ። «አባባ፣ ምን ይታይሃል?» ትላለች። ከፓምፑ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ ጀምሮ እስከ ታች ሐምራዊ መስመር፣ እንደ ሰም ቀልጦ የረጋ። መስታወቱን ትንሽ ሳዞረው የፓምፑ መዘውር ጀርባ ሁሉ በነጠብጣብ ተረጭቷል። ቺንጋውን ፈትቼ መዘውሩን በእጄ ስይዘው ይነቃነቃል። ብዙ አይደለም፤ ግን ይነቃነቃል።

ማኒኮቶ፣ ይህቺ ቀዳዳ ፋብሪካ የሠራት ናት ወይስ የተበሳች? ብየዳ ትፈልጋለች?

ማኒኮቶ (ባሕር ዳር)
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡05

እንዳትበይዳት! አደራህን በማስቲሽም እንዳትደፍናት። ፋብሪካው ሆን ብሎ የሠራት ናት። ፓምፑ ውስጥ ውሃውን ከኩሽኔታው (ፓምፑ ከሚዞርበት ተሸካሚ ብረት) የሚለይ ማሸጊያ አለ። እሱ ሲያረጅ ውሃው ኩሽኔታውን ከማጥፋቱ በፊት በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ይነግርሃል። ብትደፍናት ውሃው ኩሽኔታ ይገባል፣ ፓምፑ መንገድ ላይ ነክሶ ይቆማል፣ ቺንጋውን ይበላል። የአንተ መዘውር መነቃነቅ ስለጀመረ ኩሽኔታውም ተነክቷል። ፓምፑን ከነጓርኒሲዮኑ ቀይር፤ ቺንጋው በኩላንት ስለራሰ እሱንም አብረህ።

የጨሞጋ ውሃህም እጁ አለበት። ደለሉ ማሸጊያውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ዝገቱም እንዲሁ። ውሃውን አፍልቶ መጨመር አይበቃም፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን ሁሉ አያወጣም። ንጹሕ ቆርቆሮ ላይ የወረደ የክረምት ዝናብ ከወንዝ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። ስትገዛ ግን አሲዱን እንዳይሰጡህ ጠርሙሱን አንብብ። ከኩላንት ጋር እኩል በእኩል ደባልቀው። አንዳንዱ ኩላንት ተደባልቆ ነው የሚሸጠው፤ በዚያ ላይ ውሃ አትጨምር። ቀይና አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ እያንዳንዱ አምራች የወደደውን ቀለም ይነክረዋል።

ስትሞላ የማሞቂያውን መክፈቻ ሙቅ ላይ አድርግ፣ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ላይ ያዘነበለ ቦታ ላይ አቁም፣ ቀስ ብለህ ጨምር፣ ሞተሩ ተነሥቶ ቴርሞስታቱ ከፍቶ አየሩ እስኪያልቅ ጠብቅ። ውስጥ የታሠረ አየር አዲስ ፓምፕ የገጠመን ሰው እንደገና «ፈላብኝ» ያሰኘዋል።

ከጨረስክ በኋላ የማኒኮቶውንና የአረፋውን ፈተና ከሳምንት በኋላ ድገመው። መኪናዋ አንዴ ፈልታለች፤ ቴስታታው ምንም አልሆነም የሚለውን ያኔ ነው በልበ ሙሉነት የምነግርህ።

ነጭ ጤፍ (ቢቸና)
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እብቅ ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ፒክአፕ ውሃ ሳይጎድልባት ትፈላ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ብቻ። ገለባ ከጫነ አይሱዙ ጀርባ ስነዳ የሚበተነው እብቅ በራዲያተሩና በአየር ማቀዝቀዣው ራዲያተር መካከል ገብቶ እንደ ፍራሽ ተነጥፎ አገኘሁት። ከፊት ለፊት ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ በሁለቱ መካከል ነው ያለው። ከሞተሩ ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ አጥቡት፤ በኃይለኛ ግፊት ከረጫችሁት ግን ቀጫጭኖቹ ክንፎች ይተኛሉ።

ነጭ ኮሮላ
ቅዳሜ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከምሽቱ 3፡20

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ፓምፑን ያስቀየርኩት እዚያው መካኒክ ዘንድ ነው፤ ሐምራዊውን መስመር ሳሳየው ሳቀና «እንዲህ ብለህ ብትመጣ ኖሮ» አለኝ። የከፈልኩት ከዚያ ከጠየቀኝ ገንዘብ ሲሶውን አይሆንም። መሸፈኛውንም አጥቤ መለስኩት። ፈተናዎቹን ደገምኳቸው፤ አረፋ የለም፣ ማኒኮቶው ልል ነው፣ ዘንጉም ንጹሕ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለው እርጎ ግን በየሳምንቱ ይመለሳል፤ አሁን ጠርጌው እሄዳለሁ።

ሐሙስ አዲስ አበባ ደርሼ ትናንት ተመለስኩ። ድልድዩ ጋ መስኮት ከፍቼ ጠበቅሁ፣ ተሳቢ ሲመጣ አሳለፍኩት። ደጀን ላይ ቆሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ክዳኑን አልነካሁም፤ በመጠባበቂያው ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ያሰመርኳትን መስመር ብቻ አየሁ። ውሃው ከመስመሩ አንድ ጣት ከፍ ብሏል።

የቪትዝ ባለቤት (ፍኖተ ሰላም)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡48

እንኳን ደስ አለህ። ከፍ ማለቱ አያስጨንቅህ፤ ሲግል ወደዚያ ይሰፋል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይገባል። ጠዋት እየው።

ነጭ ኮሮላ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡15

መስመሩ ላይ ነው።